የከተማ ትራፊክን ሁኔታ ከተሽከርካሪዎች የጂፒኤስ ዳታ ለመገመት፦ ከጥሬ ነጥብ እስከ ባለቀለም ካርታ

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ከመገናኛ በሃያ ሁለት በኩል ወደ መስቀል አደባባይ የሚሄድ አንድ ሚኒባስ ለአምስት ደቂቃ ሳይነቃነቅ ቢቆም፣ መንገዱ ተጨናንቆ ሊሆን ይችላል፤ ረዳቱ በሩን ከፍቶ «ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ተሳፋሪ እየጠራ ሊሆንም ይችላል። በመኪናው ላይ ያለው ጂፒኤስ ግን በሁለቱም ሁኔታ የሚመዘግበው ያው ነው፤ ቦታው አልተለወጠም፣ ፍጥነቱ ዜሮ ነው። ከተሽከርካሪ ዳታ ተነስቶ የከተማን ትራፊክ መገመት ብዙ ሰው እንደሚያስበው ፍጥነቶችን ደምሮ ማካፈል ሳይሆን፣ በአብዛኛው እነዚህን ሁለት ዓይነት መቆሞች መለየት ነው። ይህ መመሪያ ሥራውን ደረጃ በደረጃ የሚያሳየው አዲስ አበባን ምሳሌ አድርጎ ሲሆን፣ መጠነኛ የፓይተን ወይም የዳታቤዝ ልምድ ላለው አንባቢ የተዘጋጀ ነው።

ለሥራው የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች በነፃ የሚገኙ ናቸው። ለስሌቱ ፓይተን ከፓንዳስ ጋር፣ ዳታውን ለማስቀመጥ ፖስትግሬስ ከፖስትጂአይኤስ ጋር፣ በዓይን ለማየት ኪውጂአይኤስ፣ ለመንገድ ካርታው ደግሞ ኦፕን ስትሪት ማፕ ይበቃሉ። የራሱ ዳታ የሌለው ሰው በሁለት የታወቁ ስብስቦች መለማመድ ይችላል። አንደኛው በፖርቱጋል ፖርቶ ከተማ 442 ታክሲዎች እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2013 እስከ ሰኔ 2014 በየ15 ሰከንዱ ያስመዘገቡት ነው። ሁለተኛው ከአሥር ሺህ በላይ የቤጂንግ ታክሲዎች እ.ኤ.አ. በየካቲት 2008 በአንድ ሳምንት ውስጥ ያስመዘገቡት ሲሆን፣ በነጥቦቹ፣ ማለትም በተከታታይ በተመዘገቡት ቦታዎች፣ መካከል በአማካይ ሦስት ደቂቃ ገደማ ልዩነት አለ። በፖርቶው ጀምሮ ወደ ቤጂንጉ መሸጋገር ይመረጣል፤ ነጥቦች ሲራራቁ ምን ያህል ነገር እንደሚጠፋ በተግባር የሚታየው ያን ጊዜ ነውና።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን መወሰንና መንገዱን መከፋፈል

«አሁን መንገዱ እንዴት ነው?» እና «ማክሰኞ ጠዋት ብዙውን ጊዜ እንዴት ይሆናል?» የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ለመጀመሪያው በየደቂቃው የሚፈስ ዳታ ያስፈልጋል፤ ለሁለተኛው የጥቂት ሳምንታት ፋይል ይበቃል። ጀማሪ ከሁለተኛው ቢነሳ ይሻለዋል፤ በኋላ እንደሚታየው የመጀመሪያው ጥያቄ መልስም በሁለተኛው ላይ ይደገፋል።

ቀጥሎ የመንገዱን ካርታ ከመጋጠሚያ እስከ መጋጠሚያ ወደ ክፍሎች ይቁረጡት፤ ከ500 ሜትር የሚረዝመውንም እንደገና ይክፈሉት። ሁለቱ አቅጣጫዎች የግድ ለየብቻ ይያዙ። ጠዋት ከሲኤምሲ ወደ መገናኛ የሚወስደው መስመር ሲሞላ መመለሻው ባዶ ሊሆን ስለሚችል፣ ሁለቱን ቀላቅሎ ያሰላ ሰው በሁለቱም አቅጣጫ የሌለ ፍጥነት ያገኛል። አደባባዮችን ራሳቸውን የቻሉ ክፍሎች ያድርጓቸው። ካርታው የቅርብ ጊዜ መሆኑንም ያረጋግጡ፤ የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ በአዲስ አበባ ብዙ መንገዶች ሰፍተዋል፣ መታጠፊያዎችም ተለውጠዋል፤ የቆየ ካርታ ትክክለኛውን ነጥብ ስህተት ሊያስመስለው ይችላል።

ደረጃ 2፦ ዳታውን መቀበልና የሰዎችን ማንነት መጠበቅ

ከእያንዳንዱ መዝገብ የሚያስፈልጉት የተሽከርካሪ መለያ፣ ሰዓት፣ ኬክሮስና ኬንትሮስ ናቸው። መሣሪያው ራሱ የለካው ፍጥነትና የጉዞ አቅጣጫ፣ የሞተሩ መነሳትና መጥፋት፣ በጥሪ የሚሠራ ታክሲ ከሆነም ደንበኛ መያዙን የሚያሳይ ምልክት ቢኖሩ ትልቅ ትርፍ ነው። የአሽከርካሪው ስም፣ ስልክና የሰሌዳ ቁጥር ግን ለዚህ ሥራ ምንም ስለማይጠቅሙ፣ ዳታውን የሚሰጠው አካል አስቀድሞ እንዲያወጣቸው ይጠይቁ።

ስም ማውጣት ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነው የኒው ዮርክ ታክሲዎች መዝገብ ወደ 173 ሚሊዮን ጉዞዎችን የያዘ ሲሆን፣ የታክሲዎቹ መለያ በቀላል የሐሽ ስሌት (መለያን ወደማይነበብ የፊደልና የቁጥር ድርድር በሚለውጥ ስሌት) ተሸፍኖ ነበር። መለያዎቹ አጫጭርና ቅርጻቸው የታወቀ ስለነበር፣ ሊኖሩ የሚችሉትን ሁሉ አስልቶ ማመሳከር በቂ ሆነና ሽፋኑ በአጭር ጊዜ ተገለጠ። ስለዚህ ለየመኪናው በየቀኑ የሚለወጥ፣ ከሰሌዳው ጋር ምንም የስሌት ዝምድና የሌለው የዘፈቀደ ቁጥር ይስጡ። የእያንዳንዱን ጉዞ የመጀመሪያና የመጨረሻ ሁለት ሦስት መቶ ሜትር ቁረጡ ቢባል ጥያቄ ሊያስነሳ አይገባም፤ የሰው ቤት ያለው እዚያ ነው። በኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለወጣ፣ ይህ የሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን የሕግም ጉዳይ ሆኗል።

ደረጃ 3፦ የሰዓትና የቦታ ወጥመዶችን መፈተሽ

ከሁሉ በፊት ሰዓቱን ይመርምሩ። ጂፒኤስ የሚሰጠው የዓለም አቀፉን መለኪያ ሰዓት ሲሆን፣ የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ከእሱ በሦስት ሰዓት ይቀድማል፤ የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከምሥራቅ አፍሪካው በስድስት ሰዓት ይለያል። በመሆኑም ከዓለም አቀፉ ሰዓት ላይ ሦስት መቀነስ በቀጥታ የሐበሻ ሰዓትን ይሰጣል፤ 5፡30 ተብሎ የተመዘገበ ነጥብ ከጠዋቱ 2፡30 ላይ የተወሰደ ነው። አደጋው ግማሹ መሣሪያ በዓለም አቀፉ፣ ግማሹ በአካባቢው ሰዓት ሲልክ ነው። መፈተሻው ቀላል ነው፦ የእያንዳንዱን መሣሪያ ዓይነት ፍጥነት በየሰዓቱ ከፍለው ግራፍ ይሥሩ፤ የጠዋቱ መጨናነቅ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የወደቀበት መሣሪያ ሰዓቱ አልተስተካከለም ማለት ነው።

አንዳንድ ያረጁ መሣሪያዎች በቀንም ይስታሉ። የጂፒኤስ የሳምንት ቆጣሪ በየ1024 ሳምንቱ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ የመጨረሻው መመለስ የሆነው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 ነው። ሶፍትዌሩ ያልታደሰ መሣሪያ በ2024 የተደረገን ጉዞ 2004 ወይም 2005 ብሎ ሊጽፈው ይችላል። እንዲህ ያለውን መዝገብ መጣል አያስፈልግም፤ 7168 ቀን ጨምሮ ማስተካከል ይቻላል።

በቦታ በኩል የሚታዩት ስህተቶች ሦስት ናቸው። ኬክሮስና ኬንትሮስ ሲገለባበጡ አዲስ አበባ ያለ መኪና ከጣሊያኗ ሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ባሕር ውስጥ ይገኛል፤ ሳቴላይት ያልያዘ መሣሪያ ዜሮና ዜሮ ሲልክ ደግሞ መኪናው በጊኒ ባሕረ ሰላጤ ላይ ይንሳፈፋል። ሁለቱም በካርታ ላይ ወዲያው ይታያሉ፤ በኬክሮስ ከ8.8 እስከ 9.1፣ በኬንትሮስ ከ38.6 እስከ 38.95 ያለውን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያም ይይዛቸዋል። ሦስተኛው ይደበቃል። ብዙ መከታተያ መሣሪያዎች ቦታን በዲግሪና በደቂቃ ስለሚልኩ፣ 0901.50 ማለት 9 ዲግሪ ከ1.5 ደቂቃ፣ በአሥርዮሽ 9.025 ነው። 9.015 ብሎ ያነበበው ሰው መኪናውን ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ አንቀሳቅሶታል፣ መኪናው ግን አሁንም ከተማው ውስጥ ስለሆነ ማጣሪያው አይይዘውም። እነዚሁ መሣሪያዎች ፍጥነትን በኖት ሊልኩ ይችላሉ፤ አንድ ኖት 1.852 ኪሎ ሜትር በሰዓት በመሆኑ፣ ከተማው በሙሉ በግማሽ ፍጥነት የሚሄድ ከመሰለዎት መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

ደረጃ 4፦ ማጽዳት

ተደጋግመው የገቡ ነጥቦችን ያስወግዱ፤ ከዚያ የየመኪናውን ነጥቦች በሰዓት ቅደም ተከተል ያሰልፉ። በሁለት ተከታታይ ነጥቦች መካከል የሚወጣው ፍጥነት በሰዓት ከ120 ኪሎ ሜትር ከበለጠ፣ በከተማ ውስጥ ዝላይ እንጂ ጉዞ አይደለምና ከሁለቱ ነጥቦች ከጎረቤቶቹ የማይስማማውን ያውጡ። በነጥቦች መካከል ከአምስት ደቂቃ በላይ ክፍተት ካለ ጉዞውን ለሁለት ይክፈሉት።

ፍጥነትን ከቦታ ለውጥ ሲያሰሉ የነጥቦቹን መራራቅ ያስቡበት። እያንዳንዱ ነጥብ እስከ 10 ሜትር ቢስት፣ ቆሞ ያለ መኪና በአምስት ሰከንድ ውስጥ 20 ሜትር የተንቀሳቀሰ ሊመስል ይችላል፤ ይህም በሰዓት 14.4 ኪሎ ሜትር ነው! በ30 ሰከንድ ልዩነት ግን ያው ስህተት ወደ 2.4 ይወርዳል። ስለዚህ ለተቀራረቡ ነጥቦች መሣሪያው በዶፕለር ዘዴ (ከሳቴላይቶቹ ሲግናል ድግግሞሽ ለውጥ) የለካውን ፍጥነት መጠቀም ከራስ ስሌት የተሻለ ነው።

ደረጃ 5፦ መቆምን ከመቆም መለየት

የዚህ ሥራ ልብ እዚህ ነው፤ ጊዜዎን የሚያጠፉበትም እዚህ ሊሆን ይገባል። የቆሙ ነጥቦችን በሙሉ ቢጥሏቸው መጨናነቁም አብሮ ይጠፋል፤ በሙሉ ቢያስገቧቸው ደግሞ እያንዳንዱ የታክሲ ተራ በካርታው ላይ ቀይ ይሆናል። ከሚከተሉት ምልክቶች አንዱም ብቻውን አይበቃም፤ ተደራርበው ግን ብዙውን ይፈታሉ።

መጀመሪያ የእንቅስቃሴውን መልክ ይዩ። በመጨናነቅ ውስጥ ያለ መኪና አሥር ሜትር ይሄዳል፣ ይቆማል፣ አሥራ አምስት ሜትር ይሄዳል፤ ቀስ ቢልም ወደ ፊት ይገፋል። ለራሱ ጉዳይ የቆመ መኪና ነጥቦች ግን በአንድ ቦታ ዙሪያ ይበተናሉ እንጂ ወደ የትም አይሄዱም። ስለዚህ የሦስት ደቂቃ የተጣራ ርቀትን፣ ማለትም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነጥብ ያለውን ብቻ ይለኩ። ከ25 ሜትር በታች ከሆነ መቆሙ ይጠረጠራል። ረጅም የመብራት ጥበቃ ወይም ፍጹም የተዘጋ መስቀለኛ እዚህ ሊያሳስት ስለሚችል ግን በዚህ ብቻ አይፍረዱ።

ሁለተኛው ምስክር ጎረቤት ነው። መኪናው በቆመባቸው ደቂቃዎች ሌሎች መኪኖች በዚያው የመንገድ ክፍል፣ በዚያው አቅጣጫ በደህና ፍጥነት ካለፉ፣ የቆመው በራሱ ምክንያት ነው። ይህ ምስክርነት የነዳጅ ሰልፍንም ይፈታል። ማደያ በር ላይ የተሰለፈ መኪና ልክ እንደ ተጨናነቀ መኪና እየተንፏቀቀ ስለሚሄድ በእንቅስቃሴው መልክ ሊለይ አይችልም፤ የሚለየው በአጠገቡ ባለው መስመር የሚያልፉት መኪኖች ናቸው። ሰልፉ አንድ መስመር ይዞ የሚያልፉትንም ካዘገየ ግን እሱ ራሱ መጨናነቅ ሆኗልና በሚያልፉት ፍጥነት ይታያል።

ሦስተኛው የቦታ ልማድ ነው። የብዙ ቀናት መቆሞችን በካርታ ላይ ሲያሰፍሩ አንዳንድ ቦታዎች ላይ ጠዋትም፣ እኩለ ቀንም፣ ከምሽቱ 3 ሰዓትም ክምችት ይታያል፤ እነዚህ ተራዎች፣ ፌርማታዎች፣ ማደያዎች ወይም ምግብ ቤቶች ናቸው። የመጨናነቅ መቆሞች በአንጻሩ በተወሰኑ ሰዓታት ብቻ ብቅ ይላሉ፣ በመንገዱም ርዝመት ይዘረጋሉ። በሁሉም ሰዓት ክምችት ያለባቸውን ቦታዎች መዝግበው በ30 ሜትር ዙሪያቸው ያለውን ረጅም መቆም ከስሌቱ ያውጡ።

ዳታው በጥሪ ከሚሠሩ ታክሲዎች ከሆነ ሥራው በእጅጉ ይቀልላል፤ ደንበኛ ይዞ የሚሄድ ሹፌር ያለ ምክንያት ስለማይቆም የእነዚህን ጉዞዎች ብቻ ይውሰዱ። ደንበኛ የሚጠብቅ ሹፌር ግን መንገድ ዳር ይዞ ወይም ቀስ እያለ ስለሚዞር ስለ ትራፊኩ የሚነግረን ነገር የለም። ሚኒባስና አውቶቡስ በአብዛኛው ከሌላው የዘገዩ ናቸውና፣ ለየብቻ አስልቶ በተመሳሳይ ቦታና ሰዓት ካለፉ የቤት መኪኖች ጋር ማነጻጸር ይገባል።

ደረጃ 6፦ ነጥብን ከመንገድ ጋር ማገናኘት

ነጥቡን በቅርቡ ወዳለው መንገድ መጎተት ቀላሉ ዘዴ ነው፤ ግን ቀለበት መንገድ ላይ ይወድቃል። እዚያ ዋናው መንገድና የጎን መንገዱ በጥቂት ሜትር ልዩነት ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ በማሳለጫዎቹ ላይ ደግሞ አንዱ መንገድ ከሌላው በላይ ያልፋል። ነጥቡ ብቻውን የት እንደሆነ ሊናገር አይችልም፤ ከኋላውና ከፊቱ ያሉት ነጥቦች ግን ይናገሩለታል።

በስፋት የሚሠራበት ዘዴ የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎቹ ኒውሰንና ክረም እ.ኤ.አ. በ2009 ያቀረቡት፣ በስውር የማርኮቭ ሞዴል (ከሚታዩት ነጥቦች የማይታየውን ትክክለኛ መስመር በዕድል ስሌት በሚገምት ሞዴል) ላይ የተመሠረተው ነው። ለእያንዳንዱ ነጥብ በአቅራቢያው ያሉ መንገዶች ሁሉ በዕጩነት ይያዛሉ። ከነጥቡ የራቀ ዕጩ ዝቅተኛ ውጤት ያገኛል። ከአንዱ ዕጩ ወደ ቀጣዩ ለመድረስ በመንገድ የሚያስፈልገው ርቀት በሁለቱ ነጥቦች መካከል ካለው ቀጥተኛ ርቀት ጋር ካልተመጣጠነም እንዲሁ። ከዚያ የቪተርቢ ስሌት በአጠቃላይ ከሁሉ የተሻለውን መስመር ይመርጣል። ይህን ከባዶ መጻፍ አያስፈልግም፤ ቫልሃላና ኦኤስአርኤም የተባሉት ነፃ ሶፍትዌሮች ከነካርታው ይሠሩታል። የነጥቦቹ ልዩነት ከ30 ሰከንድ ሲበልጥ ትክክለኛነቱ እየወረደ ይሄዳል፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በ30 ሰከንድ 500 ሜትር ስለሚሄድ በመሃል ሁለት ሦስት መታጠፊያ ሊያልፍ ይችላልና።

ዳታው የመጣው ከስልኮች ከሆነ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው ቀላል ባቡር በመገናኛና በሃያ ሁለት በኩል ከመኪናው መንገድ ጋር ጎን ለጎን ስለሚጓዝ፣ የባቡሩ ተሳፋሪዎች በተጨናነቀ ሰዓት እንደሚበሩ መኪኖች ሆነው ይታያሉ። አንድ ላይ የሚንቀሳቀሱ ስልኮችን እንደ አንድ ተሽከርካሪ መቁጠር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2020 በርሊን ውስጥ አንድ አርቲስት 99 ስልኮችን በትንሽ ጋሪ ጭኖ በባዶ መንገድ ላይ በመጎተት የጉግል ካርታ መንገዱን ቀይ እንዲያደርገው ማድረጉ ይህን በሚገባ ያሳያል።

ደረጃ 7፦ ፍጥነትን ለመንገድ ክፍሎች ማከፋፈልና ማጠቃለል

አንድ መኪና በሁለት ነጥቦች መካከል ሦስት የመንገድ ክፍሎችን ካለፈ፣ የወሰደውን ጊዜ በክፍሎቹ ርዝመት መጠን ያከፋፍሉ፤ የየክፍሉ ልማደኛ ፍጥነት ከታወቀም ያንን ግምት ውስጥ ያስገቡ። ከዚያ የአንድ መኪና አንድ ማለፍ አንድ ቁጥር ብቻ እንዲሆን ያድርጉ። ይህ ካልተደረገ ዘገምተኛው መኪና በክፍሉ ውስጥ ብዙ ነጥብ ስለሚጥል ድምፁ ከፈጣኑ ይበልጣል።

በ15 ደቂቃ ውስጥ ያለፉትን መኪኖች ሲያጠቃልሉ ፍጥነቶችን ሳይሆን ጊዜያቸውን ያማክሉ። በአንድ ኪሎ ሜትር ላይ አንዱ በ60፣ ሌላው በ20 ቢነዱ ተራው አማካይ 40 ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው አንድ ደቂቃ፣ ሁለተኛው ሦስት ደቂቃ ወስደዋል፤ ሁለት ኪሎ ሜትር በአራት ደቂቃ ሲካፈል ትክክለኛው 30 ይሆናል። ልዩነቱ የሚሰፋው መንገዱ አንድ ጊዜ ሲከፈት አንድ ጊዜ ሲዘጋ ነው፤ ይህም ግምቱ በጣም የሚፈለግበት ሰዓት ነው። ከደረጃ 5 ያመለጡ መቆሞች እንዳያዛቡ ሚዲያንን (በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለውን) መጠቀም ይቻላል፤ እኔ በጥቂት መኪኖች ላይ የምመርጠው እሱን ነው።

ስንት መኪና ይበቃል? ፍጥነቶቹ በመደበኛ ልይይት (ከአማካዩ የመራቅ መለኪያ) 8 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከተበተኑ፣ አማካዩን ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ሳይስቱ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ለማወቅ 16 መኪኖች ያስፈልጋሉ። በጎን መንገዶች ይህ አይገኝም፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ግምት አጠገብ የመኪኖቹን ብዛት ሁልጊዜ ይመዝግቡ።

ደረጃ 8፦ መነጻጸሪያውን ማስላትና ቀለም መስጠት

በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር በጠባብ የሰፈር መንገድ ደህና ነው፤ በቀለበት መንገድ ግን መጨናነቅ ነው። ስለዚህ ለየመንገዱ ክፍል የነፃ ጉዞ ፍጥነት ያስፈልጋል፤ ከምሽቱ 5 እስከ ሌሊቱ 11 ሰዓት ከታዩት ፍጥነቶች 85ኛው ፐርሰንታይል (ከፍጥነቶቹ 85 በመቶው የማይበልጡት) ይወሰዳል። አሁን የሚወስደውን ጊዜ ነፃ በሆነ ሰዓት ለሚወስደው ማካፈል የመጨናነቅ መጠኑን ይሰጣል፤ ነፃ ሲሆን በ45፣ አሁን በ15 የሚነዳበት መንገድ መጠኑ 3 ነው። እስከ 1.3 አረንጓዴ፣ እስከ 2 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ ቀይ ብሎ መጀመርና ከተጠቃሚው አስተያየት እያዩ ማስተካከል ይቻላል።

ደረጃ 9፦ ባዶ ክፍሎችን መሙላት

ጥቂት መኪና ባለፈበት ክፍል የዛሬውን ጊዜ ከልማዱ፣ ማለትም በዚያ ቀንና ሰዓት ብዙውን ጊዜ ከሚፈጀው፣ ጋር ያዋህዱ። የዛሬው ክብደት የመኪኖቹ ብዛት ለብዛቱና ለ5 ድምር ሲካፈል የሚገኘው ይሁን። ሦስት መኪኖች በ12 ኪሎ ሜትር ቢያልፉና ልማዱ 24 ቢሆን፣ የዛሬው ክብደት 0.375 ነው። ዛሬ ለአንድ ኪሎ ሜትር 5 ደቂቃ፣ እንደ ልማዱ 2.5 ደቂቃ ስለሚፈጅ ውህዱ 3.44 ደቂቃ፣ ማለትም በሰዓት 17.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከጎረቤት ክፍል መበደር ካስፈለገ ከፊት ለፊት ካለው ይበደሩ፤ መጨናነቅ የሚያድገው ከተዘጋው ቦታ ወደ ኋላ ነውና።

ልማዱን ሲያሰሉ የሳምንቱን ቀናት ለይተው ይያዙ፤ ትምህርት ቤት የተዘጋበትን የክረምት ወራት ከመስከረም በኋላ ካለው አይቀላቅሉ። ባዶነትንም እንደ ነፃ መንገድ አይቁጠሩት። በደመራ ዕለት መስቀል አደባባይ ዙሪያ ምንም ነጥብ የማይታየው መንገዱ ስለተዘጋ ነው። ብዙውን ጊዜ ብዙ መኪና የሚያልፍበት ክፍል በድንገት ዝም ካለ ግራጫ ቀለም ይስጡት እንጂ አረንጓዴ አያድርጉት።

ደረጃ 10፦ ማረጋገጥ

ከመኪኖቹ አሥር በመቶውን ከስሌቱ አስቀድመው ያስቀሩ። በዘጠና በመቶዎቹ የተገመተውን የጉዞ ጊዜ እነዚህ ከስሌቱ የወጡት መኪኖች በእርግጥ ከወሰደባቸው ጋር ያነጻጽሩ፤ 24 ደቂቃ የፈጀን ጉዞ 18 ብሎ የገመተ ስሌት በ25 በመቶ ስቷል። ሆኖም ከስሌቱ የወጡትም መኪኖች የዚያው ስብስብ ስለሆኑ የጋራ አድልዎን አያጋልጡም፤ ሁሉም ሚኒባስ ከሆኑ ሁሉም አብረው ይዘገያሉ። ስለዚህ በተለያዩ ሰዓታት በቤት መኪና ተሳፍረው ሰዓት እየያዙ ከመገናኛ ሜክሲኮ ጥቂት ጊዜ ይመላለሱ። ስህተቱን በክፍል ከፋፍለው ሲያዩት በመንገዱ ላይ እኩል ከተበተነ ችግሩ በአብዛኛው የናሙና ማነስ ነው። በሁለት ሦስት ክፍሎች ላይ ብቻ ተከማችቶ ካገኙት ግን እዚያው ቦታ ሄደው ይቁሙና ይዩ፤ ያልተመዘገበ የታክሲ ተራ ካለ ወደ ደረጃ 5 ተመልሰው በዝርዝሩ ውስጥ ይጨምሩት።